የጆሮው ባለቤት

«ባለቤቱ ማን ናቸው?» ይላል የጥገና ክፍሉ ሠራተኛ፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ።

«እሷ ናት» እላለሁ፤ አጠገቤ የተቀመጠችውን እናቴን በአገጬ እያሳየሁ። የመስሚያ መሣሪያዋ ባንኮኒው ላይ፣ በመሐረቧ መሐል ተቀምጧል። ከባቄላ ፍሬ አይበልጥም። ቤት ውስጥ ስሙ «ጆሮ» ነው።

«እሳቸው ተጠቃሚ ናቸው። ባለቤት የሚለው ቦታ ላይ ያለው የወንድ ስም ነው።»

የአባቴ ስም ነው። የገዛላት እሱ ነው፣ ያስመዘገበውም በራሱ ስልክ ቁጥር። የጆሮውን ድምፅ ከፍና ዝቅ የሚያደርግላት ከስልኩ ላይ ነበር። ሲጨቃጨቁ ሳይቀር ስልኩን ያነሳና ይቀንሰዋል። «ራስህን እኮ ነው የቀነስከው» ትለው ነበር እማዬ፣ ከንፈሩን እያየች።

«አባቴ ባለፈው ዓመት አርፏል» እላለሁ።

«ነፍስ ይማር» ይላል ሠራተኛው፤ አሁን ቀና ብሎ ያየኛል።

ትናንት የመሣሪያው ቀጭን ሽቦ ተበጠሰ። ተመሳሳዩን ፈልጌ፣ በወረንጦ ይዤ፣ ትንፋሼን ውጬ ቀየርኩላት። ሠራ። እማዬ የማቀዝቀዣውን ማጉረምረም ሰማችና «ይሄ ሰውዬ ዛሬም አላረፈም?» አለች። ገና ስቄ ሳልጨርስ ፊቷ ተለወጠ። መሣሪያው ጆሮዋ ውስጥ መናገር ጀምሮ ነበር። ያላትን ቃል በቃል ነገረችኝ፤ «ያልታወቀ ዕቃ ተገጥሟል። እባክዎ ባለቤቱን ያነጋግሩ።» ከዚያ በኋላ ጭጭ አለ።

«ባለቤቴንማ ከየት ላምጣው?» አለች።

«ምን አለ?» ትላለች አሁን። ራሷን ስለማትሰማ ድምፅዋን መመጠን አትችልም። ወረፋ የያዙት ሁሉ ይዞራሉ።

እኔ ደግሞ ሰው ፊት መጮህ አልችልበትም። ዩኒቨርሲቲ የጨረስኩት ክፍል ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ እጄን ሳላወጣ ነው። ጆሮዋ ሥር ጎንበስ እላለሁ። «የአባዬን ፈቃድ ይፈልጋሉ።»

«የማንን?»

«የአባዬን!»

ሠራተኛው መሣሪያውን አገላብጦ ያያል። ክፉ ሰው አይደለም። «እህቴ፣ ሽቦው በትክክል ነው የገባው። እኛም ብንሆን ከዚህ የተለየ አንሠራም። ግን ካልታዘዘ አይከፈትም። ማረጋገጫ ቁጥር ወደ ባለቤቱ ስልክ ይላካል፤ እሱን ስትነግሪኝ ይከፈታል። ካልሆነ ሌላ ትገዙና አዲስ ባለቤት ታስመዘግባላችሁ።»

«ምን አለ?»

«አዲስ ባለቤት አስመዝግቡ ነው የሚለው!»

እናቴ ሠራተኛውን ከላይ እስከ ታች ታየዋለች። «በዚህ ዕድሜዬ?»

ወረፋው በሳቅ ይፈርሳል። እኔ እስከ አንገቴ እቀላለሁ። እሷ ግን አትስቅም። ሌላ መግዛት እንደማንችል ታውቃለች። የመሐረቡን ጫፎች አንድ በአንድ ታጥፋለች፣ የማይነቃ ነገር የምትሸፍን ይመስል፤ ከዚያ ለመነሳት ባንኮኒውን ትደገፋለች። ከዛሬ ጀምሮ የሰው አፍ እያየች ልትኖር ነው።

«ቁጥሩን ላኩት» እላለሁ።

«ወዴት?»

«ወደ አባቴ ስልክ። የስልክ ቁጥሩን አሁን ሌላ ሰው ወስዶታል።»

አውቃለሁ። አንድ ቀን ስልኬ ላይ፣ ከአባቴ ስም አጠገብ፣ የማላውቀው ሰው ፎቶ ወጥቶ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ስሙን ሳልነካው በጣቴ አሳልፈው ነበር። አሁን እነካዋለሁ። ይጠራል።

«አቤት፣ ማን ልበል?»

ወፍራም ድምፅ ነው፤ የአባቴን ግን አይመስልም። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አያውቁኝም» እላለሁ። «አሁን መልእክት ይገባልዎታል፣ ቁጥር ያለበት። እሱን ቢነግሩኝ ብዬ ነው።»

«እህት፣ ቁጥር ንገረኝ የሚል ሁሉ ሌባ ነው ተብለናል።»

«ልክ ነው። ግን… የእናቴ ጆሮ ነው።»

«የምን?»

«ጆሮ። ስልኩ የአባቴ ነበር፣ ጆሮውም በእሱ ስም…» ቃሉ ይጠፋብኛል። ሊዘጋው እንደሆነ ይሰማኛል።

«ምን አለሽ?» ትጮኻለች እናቴ ከጎኔ። «ሰውዬው ምን አለ? እሺ አለ?»

ጩኸቷ ለሰውዬው ይሰማዋል። «እሳቸው ናቸው?»

«አዎ።»

«ሌባ እንኳ እንዲህ አይጮህም» ይላል፤ ፈገግ ያለ ይመስለኛል። «ቆይ መነጽሬን ላድርግ።»

ቁጥሩን እየነጠለ ይነግረኛል፣ እኔ ለሠራተኛው እደግማለሁ። የኮምፒውተሩ ቁልፎች ይንኳኳሉ። መሣሪያው ላይ ነጥብ የምታክል አረንጓዴ መብራት ብልጭ ትላለች።

«ተከፍቷል» ይላል ሠራተኛው። ከዚያ ሌላ ሰው እንዳይሰማው ጠጋ ብሎ፣ «በተጠገነ ቁጥር ግን እንደገና ባለቤቱን ይጠይቃል። የሰውዬውን ስልክ እንዳታጠፊው።»

ስልኩን ባንኮኒው ላይ አስቀምጬ ጆሮዋን አስገባላታለሁ። እናቴ ዓይኖቿን ትጨፍናለች። ከኋላችን ሰው ይስላል፤ ራሷን ወደዚያ ዘወር ታደርጋለች። ወንበር ይንቋቋል፤ ወደዚያም።

ከስልኩ ውስጥ ቀጭን ድምፅ ይወጣል። አልዘጋሁትም ነበር። «እህት? ሰሙ እንዴ?»

ልነግራት አፌን ስከፍት እሷ ቀድማኝ ወደ ባንኮኒው ጎንበስ ትላለች።

«ሰማሁ» ትላለች፤ እንደ ድሮዋ፣ ቀስ ብላ።

ስክሪኑ ላይ፣ «አባዬ» ከሚለው ስም ሥር፣ ሰከንዶቹ መቁጠራቸውን አላቆሙም። ሁለታችንም ለመዝጋት እጃችንን አንሰድም።