የላቫጆው ቀስተ ደመና

ማርቲ የውሃ ጎማውን አፍ በአውራ ጣቷ ትጫነዋለች። ውሃው ተበትኖ ሲኖትራኩ ላይ ይረግፋል። የአስር ሰዓቷ ፀሐይ ከጀርባዋ ናት፤ ቀስተ ደመናው ከተፍ ይላል።

"ያ ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ፣ አጥፊው" ይሏታል የባሏ እናት፣ እማማ ሎሚ።

ላቫጆው ድረስ የመጡት ለዚሁ ነው። እርጉዝ ሴት ከሰባታ ዋቃ ስር ካለፈች ልጁ ለምጽ ይዞ ይወለዳል ባይ ናቸው። ቀስተ ደመናን ሰባታ ዋቃ ነው የሚሉት። ሰሞኑን ሲያስጠነቅቋት ከርመው አልሰማ ስትላቸው፣ ዛሬ ራሳቸው ሊወስዷት መጡ። ቤት ትቀመጥ፣ እስክትወልድ።

የላቫጆው ባለቤት ማናሴ ጎማውን ሊቀበላት እጁን ዘርግቷል። ሆዷ መታየት ከጀመረ ወዲህ ሊያሰናብታት ሰበብ ሲፈልግ ነበር። ጎማው አንዴ ከእጇ ከወጣ እንደማይመለስላት ታውቃለች።

አትሰጠውም።

"ብርሃን እኮ ነው፣ እማማ። ጠብታው ውስጥ ይገባል፣ ከውስጥ ነጥሮ ይወጣል። ሲገባም ሲወጣም ይታጠፋል። ቀዩ በራሱ ልክ፣ ሰማያዊው በራሱ ልክ። ለዛ ነው የሚለያዩት።"

እማማ ሎሚ የትምህርት ቤት ወሬ እዛው ትምህርት ቤት ይቅር ይላሉ።

"እሺ፣ እስቲ እርስዎ ይለፉበት። ካለፉ አብሬዎት እሄዳለሁ።"

"እኔ ምን እሆናለሁ፣ ከእንግዲህ አልወልድ።"

ሻርፓቸውን ጠበቅ አድርገው ወደ ውሃው ይገባሉ። አንድ እርምጃ ሲጠጉት ቀስተ ደመናው ይሸሻል። ሲጨምሩ፣ እሱም ይጨምራል። ረጥበው መኪናው ጋ ሲደርሱ ጭራሽ ይጠፋባቸዋል። ዞር ይላሉ። ፀሐይዋ ዓይናቸውን ትወጋቸዋለች፤ ፊታቸው ያለው ውሃ ብቻ ነው።

"የታለ?"

"ከኔ በኩል አናትዎ ላይ ነው። ከእርስዎ በኩል የለም። ታዲያ እኔ የቱ ጋ ነው የማልፍበት?"

አሮጊቷ ቀና ብለው ያያሉ። መዳፋቸውን ይዘረጋሉ፤ ውሃ ይሞላዋል። ቀጥሎ የማናሴን እጅ ያያሉ፣ አሁንም እንደተዘረጋ ነው።

"አንተ ደግሞ ምን ትዘረጋለህ? መኪናው ገና ጭቃ ነው።"

ማናሴ እጁን ኪሱ ይከታል።

ማርቲ አውራ ጣቷን ጠበቅ ታደርጋለች። ቀዩ ከላይ፣ ሐምራዊው ከታች፤ እማማ ሎሚ መሃሉ ላይ ቆመው ፊታቸውን ይጠርጋሉ።