ከፈረሱ ኮቴ ሥር

«ጌታዬ፣ ከኛ ወገን የሞተ የለም እንዴ?» አለች ታቢታ፣ ቀይ ቀለም ውስጥ የነከረችውን ብሩሽ ወደ ሥዕሉ ቀስራ።

የለንደን ሰው ሁሉ የሚጠብቀው የበርማ ድል ሥዕል ቀለም ሳይነካው ገና ከማተሚያው መውጣቱ ነበር። ጄኔራሉ ፈረሱ ላይ ደረቱን ነፍቷል፤ ወድቀው የሚታዩት የበርማ ሰዎች ብቻ ናቸው። ሴቶቹ በረጅሙ ጠረጴዛ ተደርድረው፣ እያንዳንዷ አንድ አንድ ቀለም ይዛ፣ ሥዕሉን እየተቀባበሉ ይቀቡታል። ታቢታ ቀይ ናት፤ የእንግሊዝ ወታደሮችን ኮት ትቀባለች።

«የለም» አለ አሠሪው።

«የኔስ ባል? መርዶው ከበርማ ከመጣ ወር አልሞላውም እኮ! ለፈረሱ እንኳ ቀለም ተመድቦለታል!»

«ያንቺ ባል በንዳድ ነው የሞተው። ንዳድ ደግሞ ለሥዕል አይሆንም። በይ እጅሽን አፍጥኚ!» ብሏት ወደ ማተሚያው ሄደ።

ታቢታ ጥርሷን ነከሰች። የቆሙትን ወታደሮች ኮት ቀባች። ከዚያ ብሩሿን ከፈረሱ ኮቴ ሥር ወዳለው ቁጥቋጦ አወረደችና፣ በጀርባው የተዘረረ ሰው ቀይ ኮት ከነእጅጌው ሣለችበት።

ሥዕሉን ወደ ቀጣይዋ ገፋችው። አረንጓዴ የያዘችው አሮጊቷ ኬዚያ ነበረች፤ በሠላሳ ዓመት ሥራዋ አንድ ቅጠል ዘላ አታውቅም። ኬዚያ ሥዕሉን ወደ ዓይኗ አስጠግታ አየችው። ዛፎቹን ቀባች፣ ኮረብታውን ቀባች፤ ቀዩ ኮት ያለበት ቁጥቋጦ ጋ ስትደርስ ግን ብሩሿን ከወረቀቱ ላይ አነሣችና ሳትቀባው ተወችው። ከዚያም ሥዕሉን አጠገቧ ላለችው ሴት አሳለፈችላት።

«አንቺ ባለ ቢጫ» አለቻት፣ አሠሪው እንዳይሰማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፤ «የኮቱን ቁልፎች እንዳትረሺለት።»