የጎበጠ ብርሃን

አጸደ እናቷ መሞታቸውን እርግጠኛ የሆነችው ማንም ሳይነግራት ነው።

የማይታይን ነገር ማወቅ ለምዳዋለች። ቤቴል ሰፈር ባለ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ታስተምራለች። ከክፍል መልስ ደግሞ ላፕቶፗን ከፍታ ዩክሊድ የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ የላካቸውን የመጀመሪያ ፎቶዎች ታያለች። እንደ እሷ ያሉ በጎ ፈቃደኞች በየአገሩ ተቀምጠው ጋላክሲዎቹን ያገላብጣሉ፤ ብርሃኑ እንደ ቀለበት የጎበጠበትን ሲያገኙ ምልክት ያደርጉበታል።

«እማ፣ ይሄ ጨለማ ቁስ የሚሉት የጠፈር ነገር ካልታየ መኖሩን በምን አወቁ?» ብላ ጠይቃት ነበር ልጇ ፅዮን።

«ዙሪያውን አይተው ነዋ! የቴሌስኮፑ አንዱ ካሜራ የጋላክሲዎቹን ቅርጽ ጥርት አድርጎ ያነሳል፤ ሌላው መሣሪያ ርቀታቸውን ለማወቅ ይረዳል። ከኋላ የሚመጣው ብርሃን በከባድ ነገር አጠገብ ሲያልፍ ይጎብጣል። ያጎበጠው የቱ ጋ እንዳለ ከዚያ ትደርሺበታለሽ።»

ሰሞኑን የጎበጠው ቤቷ ነው።

ባሏ ሀብተማርያም አየር ጤና የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። ድሮ ስልክ ሲያወራ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማው ነበር። አሁን ስልኩ በጮኸ ቁጥር ወደ ግቢ ይወጣል፤ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። የጨጓራዋን ምርመራ ውጤት ሊያመጣላት ክሊኒክ የሄደ ቀን እንኳ፣ «ቀላል ነው አሉ» ብሎ ኪኒኑን አቀብሏት ስልኩን ይዞ ወጣ።

ጎረቤቷ እትዬ ሰርኬም ሌላ ሰው ሆነዋል። በውሃ መስመር ሰበብ ሲነታረኳት የኖሩ ሴትዮ፣ አሁን ገንፎ ይዘው ከተፍ ይላሉ።

«ብዪ እንጂ የኔ ልጅ! ሰውነትሽ እኮ አለቀ።»

ማንኪያውን አስቀመጠች። መርዶ የሚጠብቀው ሰው ሳይረዳ በፊት እንዲበላ እንደሚለመን ታውቃለች። እሷም ስንቱን ጎረቤት እያጎረሰች መርዶ ደብቃለች። ርዕሰ መምህሩ እንኳ ሳትጠይቃቸው ክፍለ ጊዜ ቀነሱላት። ወሬው ትምህርት ቤት ደርሷል ማለት ነው።

እናቷ እትዬ ወለተጻድቅ የሚኖሩት ደጀን ነው። ስትደውል ስልኩን የሚያነሳው ወንድሟ የኔሰው ሆኗል።

«እማዬን አገናኘኝ።»

«ጠበል ሄዳለች።»

«ትናንትም ጠበል፣ ዛሬም ጠበል?»

«አይሰማም… ኔትወርኩ አስቸገረ» ብሎ ዘጋው።

ተቀመጠች፤ ተነሳች። ላፕቶፑን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። ለፋሲካ እመጣለሁ ብላ መቅረቷ አንገበገባት። በመጨረሻ ሀብተማርያምን በር ላይ ያዘችው።

«እናቴ ደህና ናት?»

«ደህና ናቸው።»

«ማልልኝ።»

«ማርያምን!» አለና እንባው ዱብ ዱብ አለ።

ሀብተማርያም በማርያም ስም በሐሰት ምሎ አያውቅም። አሁን ግን መርዶውን ሊደብቃት ሲል በሐሰት የማለ መሰላት። እዚህ ድረስ መጨነቁን አይታ አሳዘናት፤ ዳግመኛ አልጠየቀችውም። ጥቁር ቀሚሷን ከሻንጣ አውጥታ ራስጌዋ አስቀመጠች።

እሑድ ማለዳ ግቢው ውስጥ የብዙ ሰው ኮቴ ተሰማ። መርዶ የሚነገረው በዚህ ሰዓት ነው። አጸደ ቀሚሷን ለብሳ ጠበቀች።

በሩ ሲከፈት የኔሰው ቆሟል። እትዬ ሰርኬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል።

«እናቴን! እናቴን!» ብላ ደረቷን ደቃች።

የኔሰው ደንግጦ ገለል አለ። ከኋላው፣ አስኮ ዘመድ ቤት አድረው የመጡት እትዬ ወለተጻድቅ ምርኩዛቸውን ይዘው ገቡ።

አጸደ እግራቸው ሥር ወደቀች። ሳቀች፤ አለቀሰች፤ ጉልበታቸውን ሳመች።

«አለሽልኝ! እማዬ፣ አለሽልኝ! እነዚህ ሰዎች ምን ሆነው ነው እንዲህ ያስጨነቁኝ?»

ማንም አብሯት አልሳቀም። እናቷ ጎንበስ ብለው የመነመነ ክንዷን ዳበሱ። ጥቁር ቀሚሷን አዩ፤ እንባዋን አዩ። ከዚያ ወደ ሀብተማርያም ዞሩ።

«ሐኪሙ ስለ እሷ ያለውን ነገራችኋት እንዴ?»