ጋሽ ቅንድብ

ዶክተሩ ቀኝ ቅንድባቸውን በሁለት ጣት ጫን አድርገው ይዘዋል። ላያቸው ሰው ራስ ምታት የተነሳባቸው ይመስላል። ምነው ራስ ምታት በሆነ፤ አንድ ኪኒን ይበቃው ነበር። ቅንድባቸውን የያዙት መልሱ በዚያ በኩል እንዳያመልጣቸው ነው።

ተማሪዎቹ ጠረጴዛውን ከበው ተቀምጠዋል። ዶክተሩ ከጠረጴዛው ራቅ ብለዋል፤ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ያስሳበቻቸው አሠልጣኟ ናት። እሷ በሩ ጥግ ሆና ታያቸዋለች። ያኔ ተማሪ ሳለች የልብ ማዳመጫ እንዴት እንደሚያዝ ያሳዩዋት እሳቸው ነበሩ። ዛሬ ደግሞ እንዴት እንደሚያስተምሩ የምታስተምራቸው እሷ ሆናለች። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ማለት ይሄ ነው።

ምን ይደረግ፣ የትምህርት ቤቱ ነገር ተለወጠ። መድረክ ላይ ቆሞ ትምህርት ማውረድ ቀርቷል፤ ተማሪዎቹ የአንድ በሽተኛ ታሪክ ገጽ በገጽ እየተሰጣቸው፣ ራሳቸው እየጠየቁና እየተከራከሩ ይማራሉ። አስተማሪው አብሯቸው ይቀመጣል፣ ይጠይቃል፣ መልስ ግን አይናገርም። ይህን ያልቻለ ክፍል አይሰጠውም።

ዶክተሩ ሁለቴ ሞክረው ሁለቴ ወድቀዋል። መጀመሪያ ልጆቹ አንደኛውን ገጽ አንብበው ሳይጨርሱ እሳቸው በሽታውን ከነመድኃኒቱ ዘረገፉላቸው። በሁለተኛው ጥርሳቸውን ነክሰው ዝም አሉ፤ ቅንድባቸው ግን ጉዳቸውን አወጣው። ልጆቹ የበሽታ ስም ይወረውራሉ፣ ቀኙ ቅንድብ ከፍ ያለበትን ይይዛሉ። “ዶክተር፣ ልጆቹ እኮ የሚያነቡት በሽተኛውን አይደለም፣ እርስዎን ነው” አለቻቸው አሠልጣኟ። ከዚያን ቀን ወዲህ በሌሉበት ስማቸው ጋሽ ቅንድብ ሆኖ ቀረ። ዛሬ የመጨረሻው ሙከራ ነው። ዛሬም ካልሆነላቸው ከተማሪ ጋር መለያየታቸው ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን በጠዋት ከአልጋ ያስነሳቸው ደግሞ ተማሪ ነው።

የዛሬውን ታሪክ የጻፉት ራሳቸው ናቸው፣ ድሮ ካከሙት ሰው ወስደው። ጡረታ የወጣ ሾፌር ነው፤ ሚስቱ ሞታበት ብቻውን ይኖራል። ጠዋት ጠዋት ራሱን ስቶ ይወድቃል።

“ስኳር ነው” ይላል ረጅሙ ልጅ፣ ዓይኑን ወደ ዶክተሩ ቅንድብ ልኮ። ደም ማነስ ነው ትላለች ሌላዋ። የሚጥል በሽታ ነው ይላል ከጎኗ ያለው። እየወረወሩ ቀና ይላሉ፣ ቅንድቡ ግን ታስሯል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እያሉ ዶክተሩ ራሳቸውን ያባብላሉ፤ ምላሳቸው ግን ሊፈነዳ ደርሷል።

በመጨረሻ “ሌላ ምን ብታውቁ ይጠቅማችኋል?” ይላሉ። ይህችን ጥያቄ ሰሞኑን ጠዋት ሲላጩ መስታወት ፊት ሲለማመዷት ነው የከረሙት።

ልጆቹ ከቅንድቡ ተስፋ ሲቆርጡ እርስ በርስ መተያየት ይጀምራሉ። አንዱ፣ ሰውዬው ሲወድቅ ምን እያደረገ ነበር ብሎ ይጠይቃል። ዶክተሩ ሁለተኛውን ገጽ ይሰጧቸዋል፦ ፂሙን እየተላጨ። ከዚያማ ክፍሉ ይንጫጫል። ረጅሙ ልጅ የራሱን አንገት ሲዳብስ ያነበበው ነገር ትዝ ይለዋል፤ አንገት ላይ ያለው ትልቁ የደም ሥር ሲጫኑት የልብን ምት ያዘገያል፣ አንዳንድ ሽማግሌ ላይማ ትንሽ ነካ ማድረግ ይበቃል። ሰውዬውን የሚጥለው መላጫው ነው።

ማንም ሳይነግራቸው ደረሱበት። ዶክተሩ ጣታቸውን ሳያነሱ ወደ በሩ ሲያዩ አሠልጣኟ ፈገግ ብላለች። አለፍኩ ይላሉ በልባቸው።

ረጅሙ ልጅ፣ እንግዲህ ቀላል ነው፣ አይላጩ፣ ፂምዎን ያሳድጉ እንለዋለን ይላል። ሌሎቹ ወረቀታቸውን መሰብሰብ ይጀምራሉ።

“ቆይ ግን” ትላለች መስኮቱ አጠገብ የተቀመጠች፣ እስካሁን ትንፍሽ ያላለች ልጅ። “ሥራ የለው፣ ሚስት የለችው። በየጠዋቱ የሚላጨው ለማን ብሎ ነው?”

ይስቃሉ። እሷ አትስቅም። ይህን ሳናውቅ አይላጩ ብንለው እሺ ይለንና፣ ነገ ተነስቶ ይላጫል ትላለች።

ዶክተሩ ክው ይላሉ። ሰውዬው እውነትም እሺ ብሎ ሄዶ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ክንዱ ተሰብሮ መጣ፣ አገጩ ጥርግ ብሎ ተላጭቶ። ምን ያለው ምክር የማይሰማ ሰው ነው ብለው ተቆጡት፣ ክንዱን በጀሶ አስረው ሸኙት። ያንን ከታሪኩ ውስጥ አላስገቡትም፤ የበሽታው አካል አልመሰላቸውም ነበር።

አሁን የሁሉም ዓይን ፊታቸው ላይ ነው።

“አላውቅም” ይላሉ። “አልጠየቅኩትም።” ቃሉ ለገዛ ጆሯቸው እንግዳ ይሆንባቸዋል። “እናንተ ብትሆኑ ምን ብላችሁ ትጠይቁት ነበር?”

ይህችኛዋን መስታወት ፊት አልተለማመዷትም። ልጆቹ ወረቀታቸውን መልሰው ይዘረጋሉ። አንዱ፣ ቤቱ ማን ይመጣል እንበለው ይላል። ሌላዋ፣ የለም፣ ተላጭቶ ሲያበቃ ወዴት እንደሚወጣ ነው የሚጠየቀው ትላለች። መስኮቱ አጠገብ ያለችው ልጅ፣ ሚስቱ በሕይወት ሳለችስ እንዴት ነበር ትላለች።

ዶክተሩ ሳይታወቃቸው ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው ስበዋል። አሠልጣኟ አይታ እንዳላየች ታልፋለች። ቅንድባቸው ሽቅብ ተሰቅሏል፤ ልብ ያለው ተማሪ ግን የለም። ቅንድቡን የለቀቀው እጃቸው ቀስ ብሎ ይወርድና፣ ዛሬ ጠዋት ለእነዚህ ልጆች ብለው አሳምረው የተላጩትን አገጭ ይዳብሳል።