የሁለት በሬ ገመድ

ጠረጴዛው ላይ ሁለት የበሬ ገመድ ተጠቅልሎ ተቀምጦ ነበር፤ አንዱ ከነቀምቴ የመጣው የነጋዴው፣ ሌላው ከጉቶ ለገበያ የመጣው የገበሬው የባቻ። ባቻ ያለው አንድ በሬ ብቻ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ከጎረቤት በሬ ጋር እያቀናጀ አርሷል። ጨዋታው አምስት አምስት ካርታ ነው፤ አንዱ ተደፍቶ አራቱ ተገልጠው ይታደላሉ፣ ትንንሹን የያዘ አሸንፎ የሌላውን ገመድ ከነበሬው ይወስዳል። «ጥንድ ከመጣብህ ግን አለቀልህ፣ ኦቦ ባቻ» ብሎት ነበር ነጋዴው ሲጀምሩ።

ባቻ ፊት አራት፣ አምስትና ስድስት ተገልጠዋል። የመጨረሻው ካርታ ሁለት ሆነ። ነጋዴው የራሱን ዘጠኝ አየና ተነፈሰ። «በል እንግዲህ ቀንቶሃል» ብሎ የተደፋውን ካርታ ሳያስገልጠው የራሱን ገመድ ወደ ባቻ መግፋት ጀመረ።

የተደፋው የባቻ ካርታም ሁለት ነበር። ሁለቱ ሁለቶች በሐሳቡ ጎን ለጎን ሲቆሙ፣ ሕጉ ከጭንቅላቱ ብን ብሎ ጠፋ፤ ዕድሜ ልኩን ሲመኝ የኖረው ጥንድ ነውና። እየሳቀ ገለጠውና ከሌላው ጋር ትከሻ ለትከሻ አስተካክሎ አስቀመጠው።

ነጋዴው ጥንዱን አይቶ የገፋውን ገመድ መልሶ ሳበ። ከዚያ ሁለቱንም ገመድ አንስቶ ወጣ። ደጅ የቆመውን የባቻን በሬ ቀንዱን አስሮ ሲስበው፣ በሬው እንደለመደው አብሮት ለሚጠመደው በሬ በቀኙ ቦታ ትቶ ተከተለው።