ያልመለሰው ኮረብታ

ከመንደሩ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ፣ ቤላርሚኖ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ሽቅብ ወደ ቅርንጫፎቹ ያያል። የልጁ ሚስት ኔልሲ ጀርባዋን ለዛፉ ሰጥታ ተቀምጣለች። ሊነጋ ነው።

«አባባ፣ ዛሬም ከሳቱ ሾርባው ውኃ ብቻ ነው።»

«እኔ መቼ ሳትኩ? ወፏ ናት የምትንቀሳቀሰው።»

ከሩቁ ኮረብታ የመጀመሪያዋ ጓቻራካ ጮኸች። ዶሮ የምታክል ቡናማ ወፍ ናት፤ ድምፅዋ ግን የዛገ መጋዝ ነው። ወንዱ ተቀበላት፤ መንጋው ተከተለ። ሁልጊዜም እንዲህ ነው፤ አንዱ ኮረብታ ይጀምራል፣ ቀጣዩ ይመልሳል፣ ጩኸቱ እየተቀባበለ እስከ መንደሩ ይወርዳል።

ሁለተኛው ኮረብታ መለሰ። ሦስተኛው ጀመረና መሃል ላይ ተቋረጠ።

«ነብር ይሆን?» አለች ኔልሲ።

«ነብር ሲያዩማ ይንጫጫሉ። ዝም የሚሉት ሰው ሲያዩ ነው። እኛው ነን ያስተማርናቸው።»

አራተኛውን ጠበቁ። ከወንዙ ማዶ ያለው፣ የቅርባቸው ነው። አልጮኸም።

ባለፈው ወር ከላይኛው መንደር የተረፉት የተናገሩት ለሁለቱም ትዝ አላቸው። ታጣቂዎቹ የመጡት በዚህ ሰዓት፣ በእግር ነበር።

«ውረጂ» አላት ሽማግሌው። «በካሳቫው ማሳ በኩል። ሁሉንም ወደ ረግረጉ አስገቢያቸው።»

«እርስዎስ?»

«በዚህ ጉልበቴ? አንድ ጥይት አለኝ፤ መንደሩን ይቀሰቅስልሻል።»

«ተኩሱን ሲሰሙ የት እንዳሉ ያውቁብዎታል እኮ።»

«ይወቁ። ወደዚህ ሲወጡ እናንተ ትደርሳላችሁ።» ፊቱን ከእሷ አዞረ። «ሂጂ እንግዲህ፤ አታስለፍልፊኝ።»

ማሳውን ሳታጋምስ ተኩሱን ሰማች። መንደር ስትደርስ በሮች ተከፍተዋል፤ ሰው ሕፃናቱን አዝሎ ወጥቷል። እጇን ወደ ረግረጉ ዘረጋች። ማንም ምክንያት አልጠየቃትም።

ሸምበቆው ውስጥ ወገባቸው ድረስ ውኃ ገብተው ቆሙ። ከኮረብታው ሌላ ዓይነት ተኩስ መጣ፤ አጭር፣ ተከታታይ። ቆየት ብሎ የጣሪያዎቹ ጭስ ከዛፎቹ በላይ ታየ። ቤቶቹ ውስጥ ሰው አልነበረም።

«ቤላርሚኖስ?» አለቻት ጎረቤቷ በሹክሹክታ።

«ይመጣሉ» አለች ኔልሲ። አጠገቧ ያለውን ሸምበቆ በክንዷ ገፋ አድርጋ ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ አበጀች።