ሁለተኛው ጉርሻ

ከዘውገ የተፋታችው ውድነሽ ወደ ቤቱ የተመለሰችው ስትሮክ ቀኝ እጁን ሽባ ሲያደርገው ነው፤ እጁ እስኪድን ልታጎርሰው።

ዛሬም አንጎሉን የሚያነቃቃውንና ትእዛዙን የሚያነበውን ቆብ አጥልቆ፣ ክንዱን ለሚያለማምደው ሮቦት አስይዞ ወደ ማዕዱ ቀረበ። ሽሮ በእንጀራ ጠቅልሎ አነሳና አፉ ሊደርስ ሲል ለቀቀው።

«እምቢ አለኝ እኮ፣ ውዴ!»

«አይዞህ፣ ይመጣል» ብላ አጎረሰችው።

ሮቦቱ እስከ ትናንት የሚናገረው ውድነሽ የማትሰማውን እንግሊዝኛ ብቻ ነበር። ነገሩ ይግባኝ ብላ አማርኛ ያስጫነችለት ራሷ ናት።

«ክንዱ ከዳነ ሦስት ወሩ ነው» አለ ሮቦቱ በለስላሳ ድምፁ። «ጉርሻው የወደቀው አንጎሉ ልቀቅ ብሎ ስላዘዘ ነው።»

ዘውገ አንገቱን ደፋ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» አለ እየተለማመጠ።

«ድሮም ተጣልተናል» አለችና የያዘችውን ሁለተኛ ጉርሻ ትሪው ላይ መልሳ፣ እጇን ልትታጠብ ተነሳች።